አንድ መጥበሻ ኞኪና አንዲት «እንብላ»

ሰው ሲጎለምስ ይበርዳል የሚሉትን አትመኑ። እኔ ጠጉሬ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ ሆዴ ቀድሞኝ በር የሚገባ ሰው ሆኜ እንኳ፣ ድንች ሲቀቀል በሸተተኝ ቁጥር የአንገቴ ሥር ይገተራል። ወዳጆቼ «በድንች የሚናደድ ሰው ካንተ በቀር አላየንም» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ሳቅ ያስለመድኳቸው እኔው ነኝ፤ ልቅሶ ቤት ውስጥ አስቄ የተባረርኩ ሰው ነኝ። ይቺን ታሪክ ባወራኋት ቁጥር ግን እነሱ ይስቃሉ፣ እኔ እናደዳለሁ። እንዲህ እንደሆንን ይኸው ሠላሳ ምናምን ዓመት አለፈ።

ነገሩ የአንድ መጥበሻ ኞኪ ነገር ነው። ኞኪ ማለት ከተቀቀለ ድንችና ከዱቄት ታሽቶ፣ የአውራ ጣት አንጓ እያከለ የሚቆረጥ የጣሊያን ምግብ ነው። ያልበላው ሰው «ድንች አይደል እንዴ?» ይላል። የበላው ምንም አይልም፤ አፉ ሞልቷላ።

ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ ኦሎምፒያ አካባቢ በአንድ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነበርኩ። ቤቱ ድሮ የአንድ ጣሊያን ነበር፤ ሲወረስ ሰውዬው አገሩ ገባ። መንግሥት ወንበሩን፣ ጠረጴዛውን፣ የጨው ዕቃውን ሳይቀር ቆጥሮ ተረከበ። ሊቆጥረው ያልቻለው በሽማግሌው ምግብ አብሳይ ራስ ውስጥ የነበረውን ብቻ ነው። እሳቸው ከጣሊያኑ ጋር ሃያ ዓመት ኖረው የሱጎውንም የኞኪውንም ነገር ጠጥተውታል። እኔ ደግሞ ከእሳቸው እጅ ተቀብዬ ወደ ጠረጴዛ ያመላለስኩት ኞኪ ቢደረደር፣ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ ሮም ይደርሳል። ሠርቼ ግን አላውቅም። ሽንኩርት እንኳ የሚከተፈው በየትኛው ጎኑ እንደሆነ የማላውቅ፣ ለመብላት ብቻ የተፈጠርኩ ወንድ ነበርኩ።

የምንኖረው ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ፣ ትርፍ ቤት ተብሎ በተወረሰ ግቢ፣ ጓሮ ያለችው አንዲት ክፍል ሰርቪስ ውስጥ ነው። ክፍሏ ጠባብ ከመሆኗ የተነሳ አልጋ ላይ ተቀምጠህ ምድጃው ላይ ያለውን ታማስላለህ፤ ለመንጠራራት ግን ጎረቤት ማስፈቀድ አለብህ። አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር የድስቱ ክዳን ይዘፍናል፣ ብርጭቆዎቹ ያጨበጭባሉ፣ እኛ አፋችንን ከፍተን ወሬያችን ካቆመበት እስኪቀጥል እንጠብቃለን። እዚያ ሰፈር የተጋቡ ሰዎች የጀመሩትን ጠብ የማይጨርሱት በዚህ ምክንያት ነው።

ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ፀነሰች። ደስታችን አንድ ወር አልሞላም፣ ምግብ የሚባል ነገር ከሆዷ ጋር ተጣላ። እንጀራ ስታይ ታስመልሳለች። ሽሮ ጎረቤት ሲሠራ ታስመልሳለች። ውኃ ትጠጣለች፣ ውኃውም የረሳው ነገር ያለ ይመስል ተመልሶ ይመጣል። አሥራ አምስት ቀን እንዲህ ሆነች። ያቺ ስትስቅ ጉንጯ ዓይኗን የሚሸፍንባት ሴት፣ ጉንጯ ሄዶ ዓይኗ ብቻ ቀረ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ክንዷን ይዛ መዘነቻትና እኔን ዞር ብላ አየችኝ።

«ያማራትን ነገር ፈልገህ አብላት» አለችኝ። «እንዲህ ከቀጠለች ለሷም ለፅንሱም ጥሩ አይደለም። የሚያድርላት ነገር ይሁን እንጂ ድንጋይም ቢሆን።»

ቤት ስንገባ «እሺ ምን አማረሽ?» አልኳት። «ድንጋይም ቢሆን ተፈቅዷል፤ እሱ ብቻ ነው በራሽን ያልሆነው።»

ዓይኗን ጨፈነች። «ያ የተጋባን ቀን ያበላኸኝ» አለች። «ትንንሽ ትራስ የሚመስለው። ታችኛው ወገኑ ቀላ ያለው። ፎርማጆ የነበረበት።»

ኞኪ! ከሰው ሁሉ ምግብ ኞኪ! ሌላው ሚስት ፀንሳ ብርቱካን ያምራታል፣ ቆሎ ያምራታል፣ ሲብስ የግድግዳ ጭቃ ያምራታል። የኔዋ መንግሥት የወረሰው ምግብ አማራት። ገዝቼ እንዳላመጣላት ያኔ ምግብ ቤታችን ዱቄት እየጠበቀ ኞኪ ከሠራ ወር አልፎታል። ያለው አማራጭ አንድ ነው፤ እኔ ራሴ፣ በነዚህ ሽንኩርት በማያውቁ እጆቼ፣ ቤት ውስጥ መሥራት።

በማግስቱ ሽማግሌውን አብሳይ ጥግ ይዤ ነገርኳቸው። አንገቴን ሊቆርጡ የተዘጋጁ ይመስል ቢላቸውን እንደያዙ ሰሙኝ።

«አንተ ልጅ» አሉ፣ «ኞኪ የዱቄት ሥራ አይደለም፤ የትዕግሥት ሥራ ነው። አሮጌ ድንች ፈልግ፤ አዲሱ ውኃ ነው። ከነልጣጩ ቀቅለው። እየፈጀህ ላጠው።»

«እየፈጀኝ?»

«እየፈጀህ! ከበረደ ዱቄት ይጠጣል፣ ዱቄት ከጠጣ ድንጋይ ይሆናል። አንድ እንቁላል፣ ዱቄት በስሱ። ስትነካው የሕፃን ጉንጭ ከመሰለህ በቃ፣ እጅህን አንሳ። ቆርጠህ በሹካ ጀርባ አንከባለው። የፈላ ውኃ ውስጥ ጣለው፤ ሲበስል ራሱ ይንሳፈፋል። ከዚያ መጥበሻ ላይ፣ ታቹ እስኪቀላ። ሱጎ፣ ላዩ ላይ ፎርማጆ። አታማስለው፤ ተወው።»

«ፎርማጆ ከየት አባቴ ላምጣ ጋሼ?»

ቢላቸውን ይዘው ወደ ሽንኩርታቸው ዞሩ። ማታ ልወጣ ስል አጠገቤ አለፉና፣ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ኪሴ ውስጥ ጣል አድርገውልኝ ሄዱ። የፎርማጆ ቅርፊት ነው፤ የሁለት ጣት ስፋት ያለው፣ እንደ ጫማ ሶል የደረቀ። ለመጣል የደረሰ ነገር። ግን የመንግሥት ነው። ከምግብ ቤታችን አንዱ ሠራተኛ ሁለት ማንኪያ ስኳር ይዞ ወጣ ተብሎ ሦስት ስብሰባ ተቀምጠን ግለ ሂስ አድርገናል፤ ስኳሩ ራሱ አፍሮ ቢሟሟ አይገርመኝም ነበር። የኢኮኖሚ አሻጥር ይባላል፤ በዚያን ጊዜ ቃሉ ራሱ እስር ቤት እስር ቤት ይሸታል። ስለዚህ ቅርፊቱን ካልሲዬ ውስጥ ከትቼ፣ ከኦሎምፒያ እስከ ቤቴ አንድ እግሬ ጣሊያን አንድ እግሬ ኢትዮጵያዊ ሆኜ እያነከስኩ ገባሁ።

ድንቹን ያመጡልን ከቦሌ ቡልቡላ በእግራቸው እየመጡ ድንች፣ አይብና ቅቤ የሚሸጡልን እማማ ናቸው። ያኔ ቡልቡላ እርሻ ነው። እሳቸው ሰፈራችን ሲደርሱ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው አቧራ ለብሶ ካልሲ ያደረጉ ይመስላል። ሚስቴን ካመማት ወዲህ ሳያዩዋት አያልፉም። አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጡና እጃቸውን ሆዷ ላይ አድርገው «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እባክሽ ቅመሺ» ይላሉ።

«አሮጌ ድንች እፈልጋለሁ እማማ» ስላቸው ሳቁብኝ።

«ሰው አዲሱን ይለምናል፣ አንተ አሮጌውን! ለማን ነው?»

«ለሷ ነው። የጣሊያን ምግብ ልሠራላት።»

«አንተ?» ዞረው ሚስቴን አዩ። «ይሄ? በእጁ?»

«እሱው ነው እማማ» አለች ሚስቴ ከአልጋዋ። «ከነፍሴ ጋር ሰላም አውርጄ ነው የተሰናዳሁት።»

እማማ መርጠው አሮጌዎቹን፣ ቡቃያ ያወጡትን ሰጡኝ። ዋጋ አልተቀበሉኝም። «ላሚቱ ሰሞኑን ወልዳለች» አሏት ሲወጡ፣ «ለጋ ቅቤ እኔ ራሴ አመጣልሻለሁ። በለጋ ቅቤ የማይወርድ ምግብ የለም።» ለጋ ቅቤ በዚያን ጊዜ ለአንድ ቤት ማምጣት ማለት ከአራት ቤት መንፈግ ማለት ነው። ቃላቸውን ግን ሰጡ።

ቀኑን ሐሙስ አደረግነው፤ ጾም እንዳይሆን ረቡዕና ዓርብን ዘለን። እኔም ሐሙስ ዕረፍቴ ነው። ዱቄቱ ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ የተሰለፍኩበት የወር ድርሻችን ነው። ዘይቱም እንደዚያው። እንቁላሏን ከየት እንዳገኘኋት አልናገርም፤ የባለቤቷ ዶሮ ልጆች እስከ ዛሬ ይፈልጉኝ ይሆናል።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ጀመርኩ። ድንቹን እየፈጀኝ ላጥኩት። «እየፈጀህ» ያሉኝ ሽማግሌ ቅዱስ ሰው ናቸው፣ ያን ቀን ግን ስማቸውን በክፉ አነሳሁት። ፈጨሁ፣ እንቁላል መታሁ፣ ዱቄት ነሰነስኩ፣ ማሸት ያዝኩ። ሊጡ እጄን ያዘኝ። ላላቅቅ በግራዬ ስይዘው ግራዬንም ያዘው። ክረምት ላይ ጓንት ያደረገ ሰው መሰልኩ።

«ዱቄቱን የምትጨምረው ሊጡ ውስጥ ነው ወይስ ጢምህ ውስጥ?» አለች ሚስቴ። በክርኗ ተደግፋ ቀና ብላለች።

«ዝም በይ አንቺ፤ ጥበብ አትረብሺ።»

«ጥበቡ ክርንህ ላይ ደርሷል።»

ሳቀች። አሥራ ዘጠኝ ቀን ያልሳቀች ሴት ሳቀች። እኔም ያን ሳቅ ሳይ ልቤ ውስጥ ምን እንደሆንኩ ልነግራችሁ አልችልም፤ ማሸቱን ረስቼ እንደ ጅል ቆምኩ። ሊጡም በዚያች ቅጽበት የሕፃን ጉንጭ ሆነ። ምናልባት ሽማግሌው ትዕግሥት ያሉት እሱን ሊሆን ይችላል።

ቆረጥኩ። በሹካ ጀርባ አንከባለልኩ። የመጀመሪያዎቹ ጥርስ የነከሳቸው ይመስላሉ፤ የመጨረሻዎቹ ግን፣ በልጄ እምላለሁ፣ ቫቲካን ቢቀርቡ የማያሳፍሩ ነበሩ። ውኃው ውስጥ ጣልኳቸው፤ ሰመጡ፤ ቆይተው አንድ በአንድ ተንሳፈፉ። መጥበሻው ላይ አደረግኳቸው። ታቻቸው መቅላት ጀመረ። በሳልሳና በነጭ ሽንኩርት የሠራሁትን ሱጎ አፈሰስኩበት፣ ያቺን የካልሲ ስደተኛ ፎርማጆ በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጌ በላዩ በተንኩ። ክፍሏ በጭስና በእንፋሎት ስለታፈነ በሩን ገርበብ አደረግኩት። ይህን አስታውሱልኝ፤ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።

ሽታው ሲነሳ ሚስቴ እግሯን ከአልጋ አወረደች። አላስመለሳትም! አፍንጫዋን ወደ መጥበሻው ዘርግታ፣ ዓይኗ ውስጥ ሰው ተመልሶ መጣ።

«ና እስቲ አንዷን አቅምሰኝ» አለች።

እኔስ ምን አልኩ? «ቆይ፣ ፎርማጆው ይቅለጥ» አልኩ። አስተናጋጅ ነኛ! ሳህን ሳይወለወል፣ ሹካ ሳይደረደር ለደንበኛ አይቀርብም! ሳህኗን ወለወልኩ። ጨርቅ ክንዴ ላይ ጣል አድርጌ ጎንበስ አልኩላት። ለዚያች ቅጽበት፣ ለዚያች ጨርቅ፣ ራሴን እስከ መቃብሬ አልምርም። አንዷን አንስቼ አፏ ውስጥ ባደርግ ኖሮ ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

አውሮፕላን ተነሳ። ክዳኑ ዘፈነ፣ ብርጭቆዎቹ አጨበጨቡ። ድምፁ ሲያልፍ ቀና ብል፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር በሩ ላይ ቆሟል። ካኪውን ለብሶ፣ መዝገቡን በብብቱ ይዞ። ለማታው ስብሰባ ሰው እየዞረ ሊቀሰቅስ ነው የመጣው። የእግሩን ኮቴ አውሮፕላኑ ውጦልናል።

አፌ ተከፈተ። እኔ አልከፈትኩትም። ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነገር ነው የከፈተው።

«እንብላ!» አልኩ።

እንግዲህ እንብላ ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሰላምታ ነው። ሰው ስትበላ ከደረሰብህ «እንብላ» ትላለህ፤ እሱም «ብሉ፣ ይባረክ፣ አሁን ከቤት በልቼ ነው የወጣሁት» ይላል። ሁለተኛ ትለዋለህ፣ ይምላል። ሦስተኛ «በሞቴ» ስትለው አንዲት ጉርሻ ቀምሶ አፉን ይጠርጋል። አገሩ እንዲህ ነው የቆመው። ራሱ ተርቦ የዋለ ሰው እንኳ «በልቻለሁ» ብሎ ነው የሚያልፈው፤ ለእንብላ የመጀመሪያው መልስ እምቢታ ነው። ሕፃን ያውቀዋል። ውሻ ያውቀዋል።

ሊቀመንበሩ መዝገቡን አልጋው ላይ ጣለና በርጩማዬን ስቦ ተቀመጠ።

«ምንድን ነው የሸተተኝ እያልኩ ነበር ከመንገድ ጀምሮ» አለ። የወለወልኳትን ሳህን ገፋ አድርጎ መጥበሻውን ወደ ራሱ ሳበ። የደረደርኳትን ሹካ አነሳ።

ሚስቴ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች ነች። እጇ ጭኗ ላይ፣ ዓይኗ ሹካው ላይ። ሹካው ሲወጣ ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል።

«ለሷ ነበር ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ፤ ድምፄን ከማን እንደተዋስኩ አላውቅም። «ነፍሰ ጡር ነች። ምግብ አልቀመሰችም ሰሞኑን…»

«ነፍሰ ጡር! እንኳን ደስ ያላችሁ!» አለ አፉ ሞልቶ። «ለአብዮቱ አንድ ሰው ጨመራችሁ።» አኘከ። ቆም አለ። በሹካው ጫፍ ላዩን ነካ ነካ አደረገ። «ፎርማጆ ነው አይደል ይሄ?»

ሳህኗን ከፊቱ አነሳሁ።

«ኦሎምፒያ ነው አይደል የምትሠራው? እዚያ ከተወረሰው ቤት?»

«አዎ ጓድ።»

«እ…» አለና ቀጠለ። ሌላ ምን ማለት ነበረበት? ያቺ «እ» ብቻዋን ፖሊስ ጣቢያ ነበረች። በአፌ «ይብሉ እንጂ» አልኩት፤ በአፌ እርስዎ፣ በሆዴ አንተ፣ ከዚያም የሚከፋ። ጥርሴ በንዴት ተጣብቆ «ይብሉ» የሚለውን ቃል በስንጥቁ ነበር ያሾለክሁት። ከሱ ጋር በቁመት እኩል ነን፤ በጡንቻ እበልጠው ነበር። መጥበሻው ብረት ነው። እጀታው ወደኔ ዞሮ ነበር። ይሄን ሁሉ አየሁት። አየሁትና ውኃ ቀዳሁለት።

እንዲህ እየበላ፣ አራት ወይም አምስት ሲቀሩ፣ ለጋስ ሆነ። አንዷን በጣቶቹ አንስቶ፣ ሱጎው እየተንጠባጠበ፣ ወደ ሚስቴ አፍ ዘረጋ።

«ነይ አንቺ፣ ልጅሽ እንዳይታዘበኝ፤ አንድ ከኔ እጅ!»

ከገዛ ምግቧ ሊያጎርሳት ነው! አሥራ ዘጠኝ ቀን ባዶ የነበረው ሆዷ ሲጮህ እኔ እሰማዋለሁ። «ጉረሺ» አልኳት በልቤ፤ «ከሰይጣንም እጅ ቢሆን ጉረሺ፣ የልጄ እናት።»

ሚስቴ ቀና ብላ አየችውና፣ «ጠግቤያለሁ ጓድ» አለች።

ጠግቤያለሁ! የተዘረጋውን እጁን ወደ ራሱ አፍ አዞረው። ጨረሰ። ጣቶቹን ጠረገ፤ በምን ጠረገ በሉኝ። ክንዴ ላይ በነበረችው ጨርቅ። ተነስቶ መዝገቡን ከአልጋው አነሳና በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ።

«ግን ታውቃለህ» አለ፣ «በርበሬ ቢኖረው ጥሩ ነበር። የፎርማጆውን ነገር እንዳላየሁ አልፌዋለሁ። ስብሰባ እንዳትቀር፣ አሥራ ሁለት ተኩል።»

በርበሬ! አያችሁልኝ! መጥበሻውን አራቁቶ ሲያበቃ በርበሬ! እስር ቤት ቢከተኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ፖለቲካ ነው። ይቺ ግን ንቀት ነች፣ እንዲያውም ያላዋቂ ንቀት።

ስብሰባ ሄድኩ። ባልሄድ የራሽን ካርዱን መነጠቅ አለ፣ ፎርማጆው አለ። ሚስቴን ግድግዳ እያየች ትቻት ሄድኩ። የዕለቱ አጀንዳ ቁጠባ ነበር። ሊቀመንበሩ ተነስቶ ስለ አንድ ጉርሻ ዋጋ ተናገረ፤ ሲናገር ከከንፈሩ ጥግ የኔ ሱጎ ቀልታ ትታየኛለች። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ሳጨበጭብ ከእጄ የዱቄት ብናኝ ቡን አለ፤ አጠገቤ የነበረው ሰው አስነጠሰው።

ተመልሼ ስገባ ሚስቴ ምድጃው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣለች። መጥበሻውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ታች ተጣብቆ የቀረውን የቀላ ቅርፊት በማንኪያ እየፋቀች ትበላለች። ሽማግሌው «አታማስለው፣ ተወው» ብለውኝ ስለነበር ታቹ ይዞ ነበር። ያንን ነው ሊቀመንበሩ ያልቻለው። በሩ ላይ ቆሜ እስክትጨርስ ጠበቅኩ። ከዚያ እስክታስመልስ ጠበቅኩ። አላስመለሳትም።

«እንብላ ማን በል አለህ?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«አፌ ነው…»

«አፍህ! የኔን አፍ ከድተህ የሱን አፍ ጋበዝክ።» ማንኪያውን መጥበሻው ላይ ወረወረችው። «ቅዳሜ ድገመው። በሩን ቀርቅረህ። ማንም ቢመጣ እንዳትከፍት፣ ማንም ቢመጣ እንዳትናገር። እንብላ የምትባለውን ቃል በዚህ ቤት ከሰማኋት እኔ እናቴ ቤት ነኝ።»

እኔም እንደሷ ተናድጄ ነበርና ማልኩላት።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ሥራ ሳልገባ፣ ሊቀመንበሩ ለዘመቻ ወጥቷል በተባለበት ሰዓት፣ ከዱቄቱ የተረፈውን፣ ከድንቹ የተረፈውን፣ ከሱጎው የተረፈውን ይዤ ጀመርኩ። ፎርማጆ የለም፣ እንቁላል የለም፤ ዘይቱ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ የቀረው ነው። በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩ። በመስኮቷ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልኩ። ሳህን የለ፣ ጨርቅ የለ። መጥበሻው ላይ እንደቀላ፣ እሳቱ ላይ እንዳለ፣ ሁለታችንም ቆመን፣ አንድ ሹካ ለሷ አንድ ሹካ ለኔ፣ ሳንነጋገር እየፈጀን በላን። እሷ አኘከች፣ ዋጠች፣ ያዘላት። ሌላ ዋጠች። ያዘላት። እንባዋ ይወርዳል፤ ከሙቀቱ ይሁን ከሌላ ነገር አልጠየቅኩም።

በር ተንኳኳ።

ሁለታችንም በሹካችን እንደተንጠለጠልን ደረቅን። እንደገና ተንኳኳ፣ ቀስ ብሎ። መጥበሻው ሲንጣጣ ከበሮ የሚመታ መሰለኝ። ሚስቴ በዓይኗ «እንዳትተነፍስ» አለችኝ። አልተነፈስኩም። ያኛው ወገን ትንሽ ቆመ፤ አንድ ነገር መሬት ላይ ሲቀመጥ ሰማን፤ ከዚያ እርምጃ ራቀ። እኛም የቀረውን ጨረስን። ጨረስን እላችኋለሁ፣ ቅርፊቱን ሳይቀር ፋቅነው።

በሩን ስከፍት ደፉ ላይ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አለ። ገለጥ አደረግኩት። ለጋ ቅቤ ነው፣ የጠዋት፣ ውኃው ገና ያልረገፈ።

ሮጥኩ። እማማ አስፋልቱ ጋ ሳይደርሱ ደረስኩባቸው። እግራቸው ከቡልቡላ ጀምሮ የለበሰው አቧራ እንዳለ ነው። ያንን ሁሉ መንገድ፣ ለአንዲት ጥቅል ቅቤ፣ ቃላቸውን ሊያደርሱ። ስጠራቸው ዞሩ፤ ፊቴን አዩ፣ ወረድ ብለው እጄን አዩ። ሹካው እጄ ውስጥ ነበር። ሱጎ አገጬ ላይ ነበር።

«ተኝታችሁ መስሎኝ ነው» አሉ፣ ዓይናቸውን ከሹካው አንስተው። «አልቀሰቅሳትም ብዬ። እንቅልፍ ጥሩ ነው ለሷ።»

«አዎ እማማ» አልኩ። «ተኝተን ነበር።»

«ያዘላት?»

«ያዘላት።»

«ተመስገን» አሉና የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ትከሻቸው መልሰው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ለዚያ ሰው ሳላስበው ከአፌ ዘልላ የወጣችው ቃል፣ ለእሳቸው ተፈልጋ ጠፋች። ብትገኝስ ምን ላበላ? መጥበሻው ባዶ ነው። ሹካዬን እንደያዝኩ፣ ጀርባቸው ወደ ቡልቡላ በሚወስደው መንገድ እስኪጠፋ፣ አስፋልቱ ዳር ቆምኩ።